በሀሴት ስም የተጻፉ ደብዳቤዎች

የመዝገብ ቤቱ የገና ግብዣ የሚደረገው በበዓሉ ማግስት፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባለው አዳራሽ ነው። ሦስት መቶ አርባ ሠራተኞች በዓመት አንዴ በአካል የሚተያዩት ያን ቀን ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉም በየቤቱ፣ አንዱ ጎዴ አንዱ ደባርቅ ተቀምጦ፣ የአገሩን የጉድጓድ ውኃ ከፍታ ሲከታተልና ሲመዘግብ ይከርማል። ዓመት ሙሉ ያልተያዩ ሰዎች ድንገት ሲገናኙ እንዳይቀያየሙ ተብሎ አሥራ አንድ አንቀጽ ያለው የግብዣ ሥነ ሥርዓት መመሪያ ወጥቷል። ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ መመሪያው ዘጠነኛ ዓመቱን ያዘ።

ሀሴት ጌትነት መመሪያውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ከአንድ ሰው ጋር ከሰባት ደቂቃ በላይ አይቆምም። ስለ ሥራ አይወራም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጥቁር ለብሶ አይመጣም። ጉርሻ ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር አይሰጥም፤ ለፎቶግራፍም ቢሆን ጎራሹ እንዲውጥ አይገደድም። ይቺኛዋ አንቀጽ የወጣች ዓመት ሰው ሁሉ ስቆባት ነበር። አሁን የሚስቅባት የለም፤ ጉርሻው ከንፈር ነካ ይደረግና ፎቶው ሲነሳ ወደ ሰሐኑ ይመለሳል።

አንዱን አንቀጽ ግን ማንም ማንበብ አያስፈልገውም፣ ሳይነገረው ያውቀዋል። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ ወይስ ወኪልህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሰውን በአደባባይ ልብስህን አውልቅ ከማለት አይተናነስም። ወኪል የሌለው ሠራተኛ የለማ። ወኪል የሚባለው ማሽን በስምህ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይመልሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የሰው ልደት ያስታውሳል። በግብዣው ቀን ደግሞ ጆሮህ ውስጥ ሆኖ የመጣው ሰው ማን እንደሆነና ምን ብትለው ደስ እንደሚለው ሹክ ይልሃል። ለዚህ ነው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ከመናገሩ በፊት አንገቱን ትንሽ ዘንበል የሚያደርገው።

ሁለተኛው አንቀጽ ሠራተኛው ከግብዣው ዋዜማ በፊት ወኪሉ ዓመቱን ሙሉ በስሙ የጻፈውን ማጠቃለያ እንዲያነብ ያዛል። የሀሴት ማጠቃለያ አርባ አንድ ገጽ ነበር። ዛሬ አነበዋለሁ፣ ነገ አነበዋለሁ ስትል ዶሮው መጣ፣ እንግዳው መጣ፣ በዓሉም አለፈ። ከደብረ ብርሃን በተነሳው አውቶቡስ ላይ ሁለት ገጽ አንብባ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ በማሽን ብናሳብብ እንኳ ይህችን አንችልም፤ ይህች የሷ ናት።

አዳራሹ እንደ ወትሮው ደምቋል። ሀሴት ቢጫ ጥለት ያለው ቀሚሷን ለብሳ ገባች፤ በሩ ላይ ሥነ ሥርዓት አስከባሪዋ ወይዘሪት ማራናታ ከላይ እስከ ታች አይታ ፈገግ አለችላት። «እንኳን አደረሰሽ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እያለች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረች። ወኪሉ ለአንዷ ስለ ልጇ ምርቃት፣ ለሌላው ስለ ዓይን ሕክምናው እንድትጠይቅ ነገራት፤ ጠየቀች። እነሱም የሷን የጀርባ ሕመም ጠየቋት። ጀርባዋን አሟት እንደነበረ ራሷም ረስታው ነበር። ሁሉም መልካም ነው፣ ሁሉም አሳቢ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከማን ጋር ምን እንዳወራች ብትጠየቅ አንዱንም መናገር አትችልም ነበር።

«ሀሴትዬ!»

ዞር አለች። ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር የለበሰ ረጅም ሰው ከፊቷ ቆሟል። ጺሙ አልተላጨም፣ አንገቱንም ዘንበል አላደረገም። በጆሮው ምንም የለም። ዙሪያው ያሉት ሰዎች ጥቁሩን ልብስ አይተው በትሕትና ሸሸት ብለው ቆሙ።

«ናሆም ደረጀ» አለ ወኪሉ በጆሮዋ። «አጋሮ የሚኖሩት። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት። ባለቤታቸው ኤልዳና ሰኔ አሥራ አራት አርፈዋል። እንኳን አደረሰዎት አትበይ። እጃቸውን በሁለት እጅሽ ያዢና ‹ከባዱን ዓመት ተሻገሩት› በያቸው።»

ሀሴት እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «ከባዱን ዓመት ተሻገሩት፣ ጋሼ ናሆም።»

የሰውዬው ዓይን በእንባ ሞላ። «አንቺ ባትኖሪ የት እሻገረው ነበር?» አላት። «እኔ እኮ ለግብዣው አይደለም የመጣሁት። ለግብዣ ምን አንጀት አለኝ? አንቺን በዓይኔ ልይሽ ብዬ ነው።»

«ምን አደረግኩልዎት?» አለች ሀሴት። ይህን ወኪሉ አልነገራትም፤ አምልጧት ነው።

«ምን አደረግኩ ትላለች እንዴ!» ናሆም እጇን አልለቀቀም። «ድንኳኑ ሲፈርስ ሰዉ አብሮ ፈረሰ፣ ሀሴትዬ። ልጆቼም አንዱ ሞያሌ፣ አንዷ ሰመራ፣ ሥራ ሥራ አሉና ሄዱ። ያንቺ ደብዳቤ ብቻ አልተቋረጠም። እኔ አንዷን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ንቦቹን አይቼ እመጣለሁ፣ ደግሞ እጽፋለሁ። አንቺ ግን ገና ከመላኬ ትመልሻለሽ። ‹ይህች ልጅ ሥራዋን ትታ የኔን ደብዳቤ ነው እንዴ የምትጠብቀው?› እያልኩ እደነቅ ነበር።»

ሀሴት ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ይህ ሰው ራሱ ነበር የሚጽፈው። በመዝገብ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ይኑር አይኑር አታውቅም ነበር፤ ተጠይቆ አያውቅማ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፣ ይህን ከአውቶቡሱ ላይ አይታዋለች። «አየሩ ሞቅ ያለ፤ ርእሱ ልኬት፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ ንብ» ይል ነበር ማጠቃለያው። እሷም «ንብ» የምትለዋ ቃል አስፈግጋት አልፋው ነበር።

«ከሁሉም ከሁሉም» አለ ናሆም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስለ ባምላክ የጻፍሽልኝን አልረሳውም።»

«ባምላክ ወንድምሽ ነው» አለ ወኪሉ። «በሃያ ሰባት ዓመቱ በመኪና አደጋ አርፏል። ጫማውን ሁለት ዓመት ከበር ሥር አላነሳሽውም።»

ሀሴት ለእናቷ አንድ ናት። ወንድምም እህትም የላት። ልጅ ሳለች ጎረቤት ሄዳ የሰው ወንድሞች ሲጣሉ ቁጭ ብላ ታይ እንደነበረ ራሷ ታስታውሳለች። 

«የማጽናኛ ታሪክ ነው» አለ ወኪሉ ሳይጠየቅ፣ ያው በለስላሳ ድምፁ። «ውጤቱ በጣም ጥሩ ነበር። ‹ባምላክን ሳላስብ የምውልበት ቀን የለም› በያቸው።»

አላለችም። ናሆም ዝምታዋን ሐዘን አድርጎ ተረጎመው።

«አይዞሽ። እኔም ማንሳት አልነበረብኝም፣ በበዓል» አለ። «ግን ያን ደብዳቤ ባላነብ ኖሮ የኤልዳናን ጫማ በሠልስቱ ለሰው እሰጥ ነበር። ሁሉም ‹አውጣው፣ ቤቱን አጽዳው› ይሉኛል። አንቺ ነሽ ‹ተዉት ይቀመጥ፣ እግሩ ሲፈቅድ ራሱ ይወጣል› ያልሽኝ። አሁንም በሩ ሥር አለ። ጠዋት ስወጣ አየዋለሁ፣ ደኅና እደሪ ብዬው ደግሞ እተኛለሁ። እብድ ነው አትይኝም አይደል? አንቺም ያደረግሽው ነው።»

ከዚያ ከደረት ኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በሰማያዊ ቀለም፣ በቁም ጽሕፈት፣ ሁለት ስም ተጽፎበታል። ወለተ ኪዳን። ገብረ መድኅን።

«የባምላክን የክርስትና ስም ጠይቄሽ ነግረሽኝ የለም?» አለ። «የኤልዳናን አርባ ሳወጣ ለንስሐ አባቴ ሁለቱንም ሰጠኋቸው። በሰማንያዋም አስጠራሁት። በመንፈቋም፣ ይኸው ከሁለት ሳምንት በፊት። ብቻዋን ከምትሄድ አብሯት ሰው ይኑር ብዬ ነው። አሁን ልለምንሽ የመጣሁት ደግሞ፣ በሰኔ ሙት ዓመቷን ሳወጣ መጥተሽ አብረን እንድንቆም ነው። ለሱም ያኔ እኮ አላወጣሽለትም፤ ‹አቅም አጥቼ ነበር› ብለሽኛል። በአንድ ድንኳን ይሁንላቸው።»

«‹በሰኔ እመጣለሁ› በያቸው» አለ ወኪሉ። «ሦስት ደቂቃ ይቀርሻል።»

እመጣለሁ ማለት ቀላል ነበር። ሄዶ ማልቀስም ይቻላል፤ ለማያውቁት ሰው ያለቀሰ ስንት አለ። ሰውዬውም ደስ ብሎት አጋሮው ይገባ ነበር። ሀሴት ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን የቄስ ጽሕፈት እንደገና አነበበችው። አንድ ሽማግሌ ካህን ሦስት ጊዜ፣ በጥዋት፣ በባዶ ሆዳቸው ቆመው ያልተወለደን ሰው ነፍስ ይማርልን ብለዋል። እጇን ወደ ጆሮዋ ላከችና ወኪሉን አወጣችው። ይህም በመመሪያው የተከለከለ ነው።

«ጋሼ ናሆም» አለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል አላወቀችም። ሳይነገራት ከተናገረች ሰነባብታለች። «ወንድም የለኝም።»

«አዎን፣ አሁንማ የለሽም፣ ልጄ።»

«ኖሮኝም አያውቅም።»

ናሆም ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ፊቷን አየና ተወው። እጇን የያዘበት እጁ ወዲያው አልለቀቃትም፣ ቀስ ብሎ ላላ። ወረቀቱን እንደገና አጠፈው፣ ኪሱ ግን አልከተተውም።

«ታዲያ ቄሱን ምን ልበላቸው?» አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «አላነበብኩትም ነበር። የጻፉልኝን አላነበብኩም። የተጻፈልዎትንም አላነበብኩም። ባለቤትዎ ማረፋቸውን ራሱ ዛሬ ነው የሰማሁት፤ እዚሁ፣ አሁን።»

ይህን ስትል አለቀሰች፤ ማንም አልቅሺ ሳይላት። ከጎናቸው የነበሩት ሰዎች ሁሉንም ሰምተዋል። አንገታቸውን አዘንብለው ጠበቁ፣ ወኪሎቻቸውም ለዚህ የሚሆን ነገር አላገኙ መሰለኝ፣ ወደ ምግቡ ሄዱ።

ናሆም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተነስቶ የሚሄድ መስሏት ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ አያት፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በዘጠኝ ዓመት ማንም ያልጠየቀውንም ጥያቄ ጠየቃት።

«ከነዚያ ሁሉ የትኛው ነው ያንቺ?»

«እህ?»

«አንዱ እንኳ አይጠፋም» አለ። ድምፁ አይከስስም፣ ይለምን ነበር። «ስለ ንቦቹ ይሁን፣ ስለ ዝናቡ የጻፍሽው ይሁን፣ የትኛውም ይሁን። አንዱን እንኳ አንቺ ጽፈሽው ከሆነ እሱን ይዤ እሄዳለሁ። ሌላውን እተወዋለሁ።»

ሀሴት ስልኳን አወጣች። ወኪል የጻፈውና ሰው የጻፈው በየፊናው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ማንም አይከፍተውም እንጂ። ስሙን ፈለገች። በሷ እጅ የተጻፈ አንድ አለ ይላል። እስክትከፍተው ድረስ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ አንድ አለ፣ አንድ እንኳ አለ።

ከፈተችው። አንብባ ስትጨርስ ስልኩን ልትደብቀው ፈለገች፤ እሱ ግን እያየ ነው። የለም ብትለው ምንኛ በተሻለ። ያን ቀን ግን መዋሸት ታክቷት ነበርና አነበበችለት።

«ይድረስ ለአቶ ናሆም። የአጋሮ ሰማንያ ስምንት ቁጥር ጉድጓድ ልኬት ሁለት ቀን ዘግይቷል። በእርስዎ ምክንያት ሁላችንም ቆመናል። በአስቸኳይ ይላኩ።»

«ሰኔ አሥራ አምስት» አለ ናሆም ቀኑን ሳትነግረው። «ከቀብር ስንመለስ ነው የደረሰኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ አነበብኩት።»

«ጋሼ…»

«ልኬቱንም ያኔውኑ ወጥቼ ለካሁ። ሰዉ ድንኳን ውስጥ እያለ። ላክሁልሽ።» ራሱን ነቀነቀ። «ያችን ነበር እኮ የማሽን ናት ያልኩት፣ ሀሴትዬ። ‹ማሽን ነው፣ ምን ያውቃል፤ እሷ ብታይ ኖሮ እንዲህ አትለኝም ነበር› ብዬ ትቼልሽ ነበር።»

ወይዘሪት ማራናታ በዚህ መሃል ደረሰች። እንደ ሁልጊዜው ፈገግ እንዳለች ነው። «ወይዘሮ ሀሴት፣ አቶ ናሆም፣ ሰባት ደቂቃው አልፏል» አለች። «አቶ ናሆም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስለ ልብሱ እናስብበት፣ እሺ?»

ናሆም ተነሳ። ከሀሴት ጋር ጥቂት ተያዩ። ከዚያ መመሪያው በመለያያ ጊዜ የሚያዘውን አለ፤ ከመጣ ጀምሮ በመመሪያው መሠረት የተናገረው ይህችን ብቻ ነው። «መልካም በዓል ይሁንልዎ።» እስካሁን አንቺ ሲላት ቆይቶ አሁን አንቱ አላት። እሷም «ለእርስዎም» አለች። ጥቁሩ ልብስ በቢጫና በቀዩ ጥለት መሃል አልፎ በበሩ ሲወጣ ድረስ ታየው ነበር። ምግቡን አልቀመሰም።

ደብረ ብርሃን ከገባች በኋላ ሀሴት አርባ አንዱን ገጽ አነበበች። ከዚያም ከማጠቃለያው አልፋ ደብዳቤዎቹን ራሳቸውን፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበቻቸው። ኤልዳና የታመመችበትን ቀን አገኘችው። ሆስፒታሉ ውስጥ የበላችውን ብርቱካን፣ በመስኮት ያየችውን ዝናብ፣ «ዛሬ ስሜን ረሳችው» ያለበትን አገኘች። ከየደብዳቤው ሥር የሷ መልስ አለ፣ አሳቢ፣ ልብ የሚነካ። እያነበበች በራሷ መልስ ቀናች። እንዲህ ያለ ሰው ብሆን ኖሮ ብላ ተመኘች።

ከዚያ ወኪሉን አጥፍታ ለመጻፍ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ቀን «ይድረስ ለጋሼ ናሆም» ብላ ቀረች። በሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ ጽፋ ሰረዘችው፤ ይቅርታ ያለችበት ሁሉ ሐሰት መሰላት። ልብስ አጠበች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ጻፈች። አምስት ቀን ፈጀባት። ሲያልቅ ረጅም አልነበረም። ስለ ባለቤቱ አዝናለሁ አለች። ያች የሰኔ ደብዳቤ የኔ ናት፣ ታሳፍረኛለች አለች። ወንድም ባይኖረኝም ልጅ ሆኜ እንዲኖረኝ እመኝ ነበር፣ ቄሱ ካላዘኑብኝ ስሙን እዚያው ይተዉት አለች። መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም የከበዳትን ጻፈች፤ ቢፈቅድላት በሰኔ ልትመጣ፣ ምንም ሳትናገር ከኋላ ልትቆም፣ እንግዳውን ልታስተናግድ፣ ሰሐን ልታጥብ። «ራስዎ እምቢ ቢሉኝ ይገባኛል» አለች።

ላከችው። መልሱ ስልኩን ከእጇ ሳታስቀምጥ ደረሰ።

«ውድ ሀሴት፣ ደብዳቤሽ ልቤን ነካው። እንዲህ በግልጽ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ምስጋናዬም ታላቅ ነው። በሰኔ ብትመጪ ደስታውን አልችለውም። በራችን ሁልጊዜም ክፍት ነው። ናሆም።»

ደግማ ደጋግማ አነበበችው። አንድም የተሰረዘ ቃል የለበትም፤ ስለ ንቦቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቄሱ የሚል ነገርም የለበትም። ናሆምም እንደ ሌላው ሰው ወኪሉን ማስጻፍ ጀምሯል። እሺ ተብላለች፣ እሺ ያላት ግን እሱ ይሁን አይሁን አታውቅም፤ ይህን ደግሞ ሰው ሰውን አይጠይቅም። ሀሴት የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ አውጥታ በሰኔ አሥራ አራት ላይ ክብ አደረገችበት፤ አጋሮ ደርሳ በሩን ስታንኳኳ የሚከፍትላት ፊት ምን እንደሚል እስከዚያ ድረስ አምስት ወር አላት።